ከኋላ ያለውን ማን ያቁመው?

በዚህ አገር ፒክአፕ ይዞ ተሳቢ የሚጎትት ሰው አንድ ቃል ሰልችቶታል፤ «ትችላለች»። ጄነሬተር አከራዩ ትችላለች ይላል፤ ሲሚንቶ አስጫኙ ትችላለች ይላል፤ መንገድ ዳር ቆሞ ጥርሱን የሚፍቀው ሰውዬ ሳይቀር ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ኧረ ትችላለች!» ይላል። መጎተቱንማ ትጎትት ይሆናል። ማቆሙን የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልተገኘም።

የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ ሩቅ አልነበረም። በአውሮፓም በአውስትራሊያም የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ማለፍ አይፈቀድለትም። ሰባት ኩንታል ተኩል መሆኑ ነው፤ የተሳቢው የራሱ ብረትም ከዚሁ ይታሰባል። እኛ ዘንድ አዲሶቹ ፒክአፖች እስከ 3 ቶን ተኩል እንደሚጎትቱ ሁሉም በቃሉ ያውቃል፤ ቁጥሩ የተጻፈው ፍሬን ላለው ተሳቢ መሆኑን የሚያስታውስ ግን የለም። ሰፈር ጋራዥ የተበየደ ተሳቢ ፍሬን የት ያውቃል? ከአሮጌ መኪና የተፈታ አክስል፣ ሁለት ጎማ፣ ከላይ ላሜራ፤ አለቀ።

ከዚያ ጫኞቹ ይመጣሉ። እነሱ የሚቀናቸው ሸክሙን ኋላ ጠርዝ ላይ ጥሎ መገላገል ነው። «እባካችሁ ወደ ፊት ግፉልኝ» ስትል «አታካብድ ወንድሜ!» ይሉሃል። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት። ከዚህ ከበዛ የፒክአፗ ባሌስትራ ይተኛና መሪው ይቀላል፤ የፊት ጎማ አስፋልቱን በወጉ አይዝም። ካነሰ ደግሞ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ያኔ ደንግጦ የፒክአፗን ፍሬን መርገጥ ነገሩን ያብሰዋል፤ መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ ነዳጅ ለቆ፣ እስኪረጋ መታገስ ነው። አንተ ይህን ስታስረዳ እነሱ የሻይ እየጠየቁህ ነው።

መንጠቆው ላይ ያለችው ክብ ብረትም የራሷ ጣጣ አላት። አንዱ ተሳቢ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፤ ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ ባለ 2 ኢንች፣ ማለትም 50.8። በዓይን አይለዩም። ኮረኮንች ላይ ስትወጣ ግን ከኋላህ ሲንኳኳና ሲበላላ ትሰማዋለህ። ተሳቢው ቢነቀል ምላሱ መሬት እንዳይነካ የሚይዘው፣ ከሥሩ ተጣምሮ የሚታሰረው ሰንሰለትስ? የግቢ በር መዝጊያ ሆኗል። የመብራቱ ሽቦ መሬት ለመሬት ሲጎተት አልቋል፤ ፍሬቻው የረዳቱ እጅ ነው።

መንገድ ከተወጣ በኋላ ያለው እሮሮ የሁላችንም ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተረገጠ በኋላ የሚኬደው ርቀት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከፊትህ ሰፊ ክፍተት ትተዋለህ። ሚኒባሱ ለእሱ ይዘህ ያቆየህለት ቦታ ይመስል ዘው ይልበታል። ወደ ኋላ ቀርተህ ሌላ ክፍተት ስትፈጥር ባጃጁ ይገባበታል። መንደሩ መግቢያ ላይ ቀለም ያልነካው የፍጥነት መቀነሻ አለ። ትናንት የተበላሸው ከባድ መኪና ጎማው ሥር የወሸቀው ድንጋይም፣ መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ አስፋልት መሃል ተኝቶ ይጠብቅሃል።

ዓባይ በረሃማ አይወራ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ይህን ቁልቁለት ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው የፍሬኑን ሸራ ያግላል፤ ሸራው ከጋለ ደግሞ ፔዳሉ ቢረገጥም የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ገና ከአፋፉ ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩ እየያዘው ማዝገም ነው። አንተ እንዲህ ስታዘግም ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ያላት ሲኖትራክ ከኋላህ ክላክሷን ታስጮኸዋለች። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚንደረደረውም ቀድሞህ ያልፋል፤ ሲያልፍም በመስኮት እጁን አውጥቶ «ምን ሆነሃል?» ይልሃል።

ደርሰህ ወደ ኋላ ልትገባ ስትል አስተናባሪው ይበዛል። በኋላ ማርሽ መሪውን ወደ ግራ ስታዞር ተሳቢው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ይህ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በዚህ ላይ ሁሉም ከመስታወት በማይታይበት ጥግ ቆሞ «ና! ና! ና!» ይላል። «በቃ!» የሚባለው አጥሩ ከተገጨ በኋላ ነው።

አደጋ ቢደርስስ? አስጫኙንም አከራዩንም ደፍሮ የሚናገር የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፤ ጥፋቱ ሹፌሩ ላይ ይደፈደፋል። በሰላም ከገባህ ደግሞ ባለጉዳዩ ሰዓቱን አየት ያደርግና «ለዚች መንገድ ይሄን ሁሉ ሰዓት?» ይላል፤ ከሒሳቡም ላይ ይቆርጣል።