ኪሳራን አጽንቶ ስለ መያዝ

የሌላውን ነጋዴ ዕቃ በበይነ መረብ አሻሽጦ ኮሚሽን መቀበል፣ በዘመኑ አጠራር አፊሊየት ማርኬቲንግ የሚባለው፣ በመሠረቱ የጥንቱ የድለላ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ደላላውና ገዢው ፊት ለፊት አለመተያየታቸውና አገናኛቸው አንዲት ሊንክ መሆኗ ነው። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ይህን በር ከከፈተ ወዲህ ብዙ ሰው ገብቶበታል፤ ብዙ ሰውም ባዶ እጁን ወጥቶበታል። ይህ ምክር ለባዶ እጆቹ የተጻፈ ሲሆን፣ ዓላማውም ኪሳራቸው በድንገት ወደ ትርፍ ተለውጦ እንዳያስደነግጣቸው አጽንተው የሚይዙበትን ሥርዓት ማስተማር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መዝገበ ሒሳብህን አትግለጥ። ለእያንዳንዱ የማስታወቂያ ክሊክ 50 ሳንቲም ከፍለህ 100 ሰው ብታመጣ 50 ዶላር አውጥተሃል፤ ከእነርሱም ሁለቱ ባለ 40 ዶላር ድስት ቢገዙ፣ በመቶ 3 ሲታሰብ ድርሻህ 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። እንዲህ ያለ ስሌት እንቅልፍ ስለሚነሣ፣ ገንዘቡን ትተህ ጎብኚውን ቍጠር፤ በመቶ ሰው የከሰረ በሺህ ሰው ያተርፋል የሚለውን ሃይማኖት ይዘህም የማስታወቂያውን ወጪ ዐሥር እጥፍ አድርገው።

ሁለተኛ፣ ውሉን አታንብብ። አማዞን በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. የቤት ዕቃን ኮሚሽን ከመቶ 8 ወደ 3 ማውረዱን፣ በሊንክህ የገባ ሰው በአንተ ስም የሚቈጠረው በተለመደው ደንብ ለ24 ሰዓት ብቻ መሆኑን፣ በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ሽያጭ ያላገኘ አዲስ ገቢም እንደሚሰናበት ብታውቅ፣ ምናልባት የዕቃህን ዓይነት ወይም የሥራህን ጊዜ ታስተካክል ነበር። ስለዚህ አትወቅ። ይልቁንም 170ኛው ቀን ያለ ሽያጭ ሲደርስ በገዛ ሊንክህ ለራስህ ድስት ግዛ፤ ይህ የተከለከለና የማይቈጠር መሆኑ የተጻፈው ባላነበብከው ውል ውስጥ ነውና ኅሊናህ ንጹሕ ነው።

ሦስተኛ፣ ያልቀመስከውን አመስግን። በዓይንህ ያላየኸውን መጥበሻ «ቤቴ ያለ እርሱ አይውልም» በል። የምትኖረው በአሜሪካ እንደ ሆነ፣ የንግድ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከምትሸጠው ዕቃ ኮሚሽን እንደምታገኝ በግልጥ ተናገር ይልሃል፤ አንተ ግን ጕዳዩን ጉንዳን በምታነበው ፊደል ከግርጌ አስቀምጠው። ከዚያም መርዶ በሚነገርበት የዘመድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ገብተህ፣ ከ«ነፍስ ይማር» ቀጥሎ የመጥበሻውን ቅናሽ አብሥር። ዘመዶችህ ዝም ያሉ እንደ ሆነ ጥፋቱ የእነርሱ ነው፤ ይኸውም ሐበሻ ሥልጣኔ አይገባውም ተብሎ በቀላሉ ይፈረዳል።

በመጨረሻ፣ ጥሪትህም ወዳጆችህም ያለቁ ዕለት፣ መምህር ሁን። ሥራው ያልሆነለት ሰው ሥራውን ለማስተማር ሰፊ ጊዜ አለውና፣ የድለላን ምሥጢር በ200 ዶላር ሽጥ፤ ደቀ መዛሙርትህም ያንኑ ትምህርት በኮሚሽን እንዲያሻሽጡልህ አሰማራቸው።

በዚህ ማዕርግ ላይ ሳለህ ግን አንዱ ተማሪ እጁን አንሥቶ «መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ስንት አተረፉ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሸሸኸውን መዝገብ ትገልጣለህ። በመጀመሪያው ቀን ገልጠኸው ቢሆን ኪሳራህ 47 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነበር።