ስለ ጥፍር ቀለሙ ይቅርታ

ይድረስ፦ ሀዋሳ ውስጥ ተሽከርካሪ ለሚመረምረው ክቡር ጣቢያ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡራን ሆይ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከመኪናዬ ጋር እኔንም መርምራችሁ ስለሸኛችሁኝ ላመሰግናችሁ ብዕሬን አነሣሁ።

መኪናዬ ዲኤክስ ናት፤ ከብዙዎቹ መርማሪዎቻችሁ በዕድሜ ትበልጣለች። ለምን አዲስ አትገዛም እንዳትሉኝ። አስተማሪ ነኝ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለውን መኪና እንኳ ከእጃችን አርቆታል፤ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህማ አሮጊቷ ጭራሽ ተወደደች።

አዋጅ ቁጥር 681/2002 በየዓመቱ አስመርምር ስለሚል፣ የቦሎዬ ጊዜ ሳያልፍ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። የወር ደሞዜን ግማሽ ለፍሬን ከሰከስኩ፤ ሸራው ተቀየረ፣ የሚያንጠባጥበው ቱቦ በአዲስ ተተካ። ታቦር ግርጌ ቁልቁለቱ ላይ ቀጥ ብላ ስትቆምልኝ እግዜርን አመሰገንኩ።

የቀረው በብልሃት የሚሸፈን ነው። የግራ የኋላ መብራቷ ሽፋን ተሰንጥቆ ነጭ ብርሃን ያሾልካል። ምትኩን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ እንዳላስመጣ ኪሴ ባዶ ነው። ስንጥቁን በማጣበቂያ ደፈንኩና የልጄን ቀይ የጥፍር ቀለም ሁለቴ ደረብኩበት። ማታ አብርቼ ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ።

መርማሪያችሁ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ጣቱን አየ፤ እኔን አየ።

«ፋዘር፣ ሙሽራዋን ሜካፕ አሠርተው ነው ያመጧት?»

ከዚያ ሰልፈኛውን «ኑ እዩ!» ብሎ ጠራ። የባጃጁም የሲኖትራኩም ሹፌር ከበበን። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። ከመሃላቸው አምና ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ቆሟል፤ እሱ ብቻ አልሳቀም። አንገቱን ደፋ። ከሳቁ ሁሉ የእሱ ዝምታ አንጀቴን በላው።

«ልጄ፣ መብራቱስ እሺ፣ ፍሬኑን እስቲ እየው» አልኩት።

«እሱንስ ምን ቀቡት?» አለና ቅጹ ላይ «ወድቋል» ብሎ ጻፈ።

መውደቋን አልከራከርም፤ የኋላ መብራት ቀይ መሆን አለበት። ሌላውንም አላነሣም፦ በር ላይ የሚከራየው ያው አንድ እሳት ማጥፊያ በዚያ ጠዋት ከስንት መኪና ጋር እንደገባ፣ ከእኔ ፊት የነበረው ሰውዬ ሚኒባሱን ቤቱ አቁሞ እንዴት በወረቀት ብቻ «አልፏል» ተብሎ እንደወጣ። የቤታችሁ ጉዳይ ነው።

ነገር ግን ክቡራን፣ ፔዳሉን የረገጠ ሰው የለም። አንድም! በጥፍር ቀለም የሚስቅ ይህን ያህል ሕዝብ ሰብስባችሁ ፍሬን የሚረግጥ አንድ እግር አጣችሁ? በየዓመቱ በየመንገዱ ሺዎች የሚያልቁት ቀለም ገድሏቸው ነው? ያ ቤቱ የቆመው ሚኒባስ እኮ ነገ ተማሪዎቼን ነው የሚጭነው! እናንተ...

ይቅርታ። በትሕትና ነበር የጀመርኩት።

ተበድሬ መብራቱን አስቀይሬያለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ። እባካችሁ፣ በዚያን ዕለት አንድ ሰው ገባ ብሎ ፍሬኑን ይርገጥልኝ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የዲኤክሷ ባለቤት