የማይነበብ ጽሑፍ ይባረክ

ሙሴ ወደ መርከቡ ከየእንስሳው ስንት ስንት አስገባ? «ሁለት ሁለት» ያላችሁ፣ መርከቡ የኖኅ ነበር። («ንጹሖቹማ ሰባት ሰባት ናቸው» ሊሉ ያሰቡ ሊቃውንት ለዛሬ ይቆዩን።) ህዩንጂን ሶንግና ኖርበርት ሽዋርዝ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ይህችኑ ጥያቄ ለአንዳንዱ ጥርት ባለ ፊደል፣ ለሌላው ለማንበብ በሚያታግል ፊደል ሰጡ። «ሙሴ» ላይ ሲደርሱ የነቁት ይበልጡን የታገሉት ሆኑ።

እኔ ለዚህ አሜሪካ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም፤ እድራችን አለ።

የቀድሞው ጸሐፊያችን እጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ነው። የሒሳብ ሪፖርታቸው ሲለጠፍ አባላቱ መነጽር እየተቀባበሉ ያፈጡበታል። «ይቺ አንድ ናት ሰባት?» «ኧረ ‹የድንኳን ጥገና› ነው ‹የድንች ግዢ› የሚለው?» «ድንቹን ማን በላው?» ገንዘብ ያዡ ላብ በላብ ሆነው ደረሰኝ ይመዛሉ። ሳንቲም አታመልጥም ነበር።

እሳቸው በቃኝ ሲሉ ኮምፒውተር የሚያውቅ ወጣት ተመረጠ። ሠንጠረዡ ባለቀለም፣ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ። «እሰይ፣ ግልጽነት እንዲህ ነው!» ተባለ፤ ተጨበጨበ። ከወጪው ሁሉ የወፈረው «ልዩ ልዩ» የሚለው ነበር። ምን ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ሮልፍ ሬበርና ይኸው ሽዋርዝ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ «ኦሶርኖ ቺሊ ውስጥ ናት» ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነጭ ላይ ደምቆ በሚታይ ቀለም ሲጻፍ ከደብዛዛው ይልቅ ይታመናል። አንባቢው ስለ ኦሶርኖ ሰምቶም ላያውቅ ይችላል! ዓይኑ ሳይደክም ስላነበበው ግን የሚያውቀው ነገር ይመስለዋል፤ የሚያውቁትን ደግሞ ማን ይጠረጥራል? (ከዚህ ሕግ ነፃ የወጣው ሐኪም ብቻ ነው፤ የእሱ ማዘዣ ባልተነበበ ቁጥር ይከበራል።)

ስለዚህ በጠቅላላ ጉባኤው እጄን አወጣሁና፣ ሪፖርቱን የቀድሞው ጸሐፊ በእጃቸው ገልብጠው ይለጥፉልን አልኩ። ሳቁብኝ። የእድሩ ዳኛም «አንተ ሰው፣ ወደ ኋላ ልትመልሰን ነው?» አሉ። ሐሳቤ በድምፅ ብልጫ ወደቀ።

ቃለ ጉባኤው በሳምንቱ ታትሞ፣ አምሮ ደረሰን። ሐሳቡን ከተቃወሙት ተርታ የእኔም ስም ሰፍሯል። ሁሉም አንብቦ ፈርሞበታል።