ታሪክ በዋጋ፣ ሽጉጥ በምራቂ

የጥንት የጦር ሽጉጦችን እውነተኛነት መመርመር ቀድሞ አድካሚ ሙያ ነበር። መርማሪው ብሎኑን በካቻቪቴ ፈትቶ፣ እጀታውን አላቅቆ፣ በማጉያ መነጽር ማህተም እያነበበና ቁጥር ከቁጥር እያመሳከረ ጊዜውንም ዓይኑንም ይጨርስ ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ በኢንተርኔት የሚካሄደው የጥንታዊ መሣሪያ ንግድ ግን ሙያውን ከዚህ ሁሉ ድካም ገላግሎታል፤ ዛሬ ሽጉጡ በጎኑ ተኝቶ የተነሳው አንድ ደብዛዛ ፎቶግራፍና ከሥሩ የሰፈረው «ፍጹም ኦሪጅናል» የሚል ማረጋገጫ ለሻጩም፣ ብረቱን ሳይነካ ፍርድ ለሚሰጠው የሩቅ ሊቅም ከበቂ በላይ ሆነዋል።

የዚህ አዲስ ጥበብ የመጀመሪያ መርህ የዛገ ሁሉ ጥንታዊ ነው የሚለው ነው። ዝገት ከሊቃውንት ይልቅ የታመነ ምስክር የሆነው ክፍያው ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፤ ኮምጣጤ ተቀብቶ እርጥብ አፈር ውስጥ የተቀበረ ብረት ሁለት መቶ ዓመት የሚፈጀውን ሥራ በአንድ ክረምት ያጠናቅቃልና። እውነተኛው እርጅና አድልዎ ያውቃል፤ እጅና የቆዳ ማኅደር የሚነካውን ጠርዝ ያለሰልሳል፣ በእጀታው ሥር የተደበቀውን ብረት ይምራል፣ ከባልጩት በሚፈናጠር እሳት ባሩድ በሚያቀጣጥሉት የጥንት ሽጉጦች ላይ ደግሞ እሳቱ ወደ በርሜሉ የሚገባባትን ቀዳዳ ዙሪያዋን ይበላል። የኮምጣጤው እርጅና ግን ፍትሐዊ ነው፤ ውስጡንም ውጪውንም፣ የብሎኑን ጥርስ እንኳ ሳያበላልጥ ያዝጋል። እንዲህ ያለ እኩልነት በሰው ልጆች መካከል ገና አልታየም።

ሁለተኛው መርህ የቁጥር ፍቅር ነው። የጀርመን ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በ1908 የተቀበለው ሉገር፣ በወታደራዊ ስሙ ፒ 08፣ ሙሉ መለያ ቁጥሩ በዋናው አካሉ ላይ፣ የቁጥሩ መጨረሻ ሁለት አሃዞች ደግሞ በትንንሽ ክፍሎቹ ላይ ይመታበት ነበር። ቁጥሮቹ ሁሉ ከተስማሙ ሽጉጡ ከፋብሪካ እንደወጣ ቆይቷል ተብሎ ስለሚታመን ሰብሳቢዎች አብልጠው ይከፍሉበታል። ገበያውም ይህን ፍቅር አይቶ አልጨከነም፤ ያልተስማማውን አሃዝ በሞረድ ፍቆ የሚስማማውን ይመታበታል። በዚህ ቸርነት የተነሳ ሁለት የዓለም ጦርነቶችን፣ ምርኮንና የጥገና ቤትን ያለፈ ሽጉጥ አንዲት ክፍል እንኳ ሳትለወጥበት፣ አሃዞቹም ትናንት የተመቱ ያህል ስለው ለገበያ ይቀርባል። በአሃዞቹ ዙሪያ ያለው ብረት ጎድጉዶ፣ ቀለሙም ተለይቶ መታየቱ ግን፣ ሻጩ እንደሚያስረዳው፣ የፎቶግራፉ ብርሃን ጥፋት ነው።

ሦስተኛው መርህ ምልክትን ያለ መለኪያ ማመን ነው፤ በማውዘር ሲ 96 ሽጉጥ ላይ ይፈጸማል። የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በ1916 ከማውዘር ፋብሪካ 150,000 ሽጉጦች በ9 ሚሊ ሜትር እንዲሠሩለት አዘዘ፤ የተለመደው ሲ 96 የ7.63 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ስለነበረ፣ ወታደሩ ጥይት እንዳያምታታ በእንጨት እጀታው ላይ ትልቅ የ9 ቁጥር ተቀርጾ በቀይ ተቀባ። ሰብሳቢዎች «ቀይ ዘጠኝ» የሚሉት ይህ ሽጉጥ ዋጋው ሲንር፣ ቢላዋና ቀይ ቀለም ያለው ሁሉ የፋብሪካው ወራሽ ሆነ። ስህተትን ለመከላከል የታሰበው ምልክት እንዲህ አድርጎ 7.63 በሚጎርስ ሽጉጥ እጀታ ላይ ተቀርጾ የስህተት ምንጭ ሆኗል። በርሜሉን የሚለካ ሰው ቢገኝ ክርክሩ በደቂቃ ያበቃ ነበር፤ ነገር ግን ቀዩ ቀለም እየታየ መለኪያ ማንሳት እንደ ነውር ይቆጠራል።

በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን ወሰን፣ በከይበር መተላለፊያ አካባቢ የሚኖሩ የእጅ ባለሙያዎች የእንግሊዝን ጦር መሣሪያ አስመስለው በመሥራት የታወቁ ናቸው። የላቲኑን ፊደል እንደ ጌጥ አይተው ስለሚቀዱት «ኤን» የምትባለው ፊደል ተገልብጣ ትገኛለች፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ስም ምልክትም ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1901 ከሞተች በኋላ ካለ ዓመት ጋር ተመትቶ ይታያል። የሩቁ ሊቅ ንግሥቲቱ ከመቃብር ሆና ጦሯን ማስታጠቋን ለመቀበል አይቸገርም፤ የተገለበጠችውንም ፊደል «ብርቅዬ» ብሎ ዋጋ ይጨምርባታል።

ብረቱ መመስከር ሲያቅተው ተራው የታሪክ ይሆናል። የባለቤትነት ታሪክ ማለት ዕቃው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ በሰነድ የሚያሳይ የቅብብል መዝገብ ነው፤ በዚህ ገበያ ግን ሰነዱን ስሙ የማይታወቅ አንድ አያት ይተካዋል። ይህ አያት ያልዘመተበት ጦርነት፣ ያልማረከው መኮንን የለም። በአንድ ሽጉጥ ላይ «ከመቅደላ የመጣ» የሚል ወረቀት ቢንጠለጠል ደግሞ ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ ይጣፍጣል። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ የመቅደላን ምርኮ በደላንታ ሜዳ በጨረታ መሸጡ የታወቀ ነውና፣ ወረቀቱ ሐሰት ከሆነ ገዢው ተታሏል፤ እውነት ከሆነም የዘረፋ ማስረጃ በገንዘቡ ገዝቷል። ሻጩ በሁለቱም ያተርፋል።

እንግዲህ ገዢው ዋጋ የሚከፍለው ለታሪኩ ነው፤ ሽጉጡ የሚጨመርለት በምራቂ ነው። ታሪክ ለመስማት የሚሻ ሰው ቤተ መጻሕፍት ቢገባ በነጻ ያገኘዋል። ሽጉጥ የሚሻ ግን እጀታው ተፈትቶ የውስጡ ብረት እንዲነሳለት፣ ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ በአንድ እንዲታዩት፣ የበርሜሉ ስፋት ተለክቶ እንዲነገረው፣ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘም ገንዘቡ እንደሚመለስለት በጽሑፍ እንዲረጋገጥለት ይጠይቅ። ይህን የሚከለክል ሻጭ ስለ ሽጉጡ እውነተኛነት የተጠየቀውን መልሷል።