ቀን የሚገዛ፣ ሌሊት የሚያጋልጥ

ዶካ ገበያ የማደሪያ ላስቲክ የሚገዛ ሰው ሁሉ ላስቲኩን ወደ ፀሐይ ያነሣዋል። ለምን እንደሚያነሣው አልጠየቅሁም፤ እኔም አንሥቼ ስለማውቅ ብጠየቅ መልስ የለኝም። ቀዳዳ ፍለጋ ነው እንዳይባል፣ ከጥቅሉ ገና የተቆረጠ አዲስ ላስቲክ ምን ቀዳዳ አለው? ቀዳዳው ኋላ ነው የሚመጣው። ገዢው ግን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ወርቅ አንጥረኛ ይመረምራል፤ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ይስባል፤ በመዳፉ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመዝናል። ይህ ሁሉ ምርመራ ካለቀ በኋላ ርካሹን ይገዛል።

ዶካ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ከገላባት ማዶ የኛው መተማ ዮሐንስ አለ። ሱዳን በጦርነት ሳትታመስ በፊት ለአንድ ባለእርሻ ሒሳብ ያዥ ሆኜ በዚያ አካባቢ ከርሜ ነበር። ከሐምሌ አረም እስከ ሰሊጥ አጨዳው ድረስ ከጎንደርና ከጎጃም የሚወርደው ሠራተኛ በዚያው መስመር ይጎርፍ ነበር። አዲስ የወረደውን ደገኛ፣ ቆላውን የለመደውንና የከረመበትን ደግሞ ሳሉግ ይሉታል። ሁለቱን ለመለየት ማተብም አነጋገርም ማየት አያስፈልግም፤ የተሸከመውን ማየት ይበቃል። ደገኛው በዓመት በዓል እንደተላከ እንግዳ ጋቢውን፣ ድርቆሹን፣ ትርፍ ሱሪውን ጭኗል። ሳሉጉ ማጭድ፣ ዱላና የሚያድርበትን ይዟል፤ በቃ።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለ። ስሜንን አይቶ ጨርሷል፤ አሁን ቋራ ወርዶ አላጥሽን በእግሩ ሊያቋርጥ ነው፤ ለዚህም ድንኳን እየመረጠ ነው። ከ600 ዶላር በላይ የምታወጣ፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ የምትመዝን አንዲት ድንኳን ልቡን ወስዳዋለች። ግማሽ ኪሎ ስኳር ማለት ነው። ዳይኒማ ከሚባል ጨርቅ የተሠራች ስለሆነች እንደ ናይለን ውሃ ጠጥታ አትረግብም አለኝ። ናይለኑም ቢሆን ቀላል አለ፤ የክሩ ውፍረት የሚለካው በዴኒየር ነው። ዴኒየር ማለት የዘጠኝ ሺህ ሜትር ክር ክብደት በግራም ነው። አሰብሁት፤ ከዶካ ተነሥቶ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ የአሥር ዴኒየር ክር አሥር ግራም ብቻ! የግራርና ሱዳኖቹ ፍሬውን ላሎብ የሚሉት ዛፍ እሾህ ይህን ቢሰማ ምን ያህል እንደሚስቅ እኔ ነኝ የማውቀው።

ክብደት ለመቀነስ ያልሠራው ሥራ የለም። የጥርስ ብሩሹን እጀታ ቆርጦ ጥሏል። «መፋቂያ ብትይዝ ኖሮ መቆረጡም አያስፈልግም ነበር» ብለው ዝም አለኝ። የድንኳኑንም ምሰሶ ጥሎታል፤ የአሜሪካ እግረኞች አዲስ ዘዴ አግኝተዋል፤ የሚመረኮዙበትን ዱላ መሬት ላይ አቁመው ድንኳኑን እሱ ላይ ይወጥራሉ። ዱላና ሸራ! ይህንን ጥበብ የጎጃም ገበሬ ለስንት ዘመን በነፃ ሲያባክነው ኖሯል። እነሱም ቢሆኑ ጥንት ያውቁት ነበር፤ ኤማ ጌትዉድ የተባሉ የ67 ዓመት አሜሪካዊት አሮጊት እ.ኤ.አ. በ1955 ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን መንገድ ብቻቸውን ሲጨርሱ፣ ለዝናብ የያዙት የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ነበር። እማማ ጌትዉድ ዶካ ቢወርዱ ሳሉግ ናቸው ተብለው ወዲያው ሥራ ያገኙ ነበር።

«ሌላስ ምን ይዘሃል?» አልሁት። ጀበና። የሸክላ ጀበና፣ ከነማቶቷ፣ ከአራት ሲኒ ጋር። ቡና ያለ ጀበና አይሆንለትም። የጥርስ ብሩሹ እጀታ በከንቱ ሞተ።

ሰው ላይ ብቻ እንዳልፈርድ የካምፓችንን ነገር ልናገር። ሦስት ያገር ልጆች አብረው ወርደው ነበር። አንዱ እንደ በር የሚከብድ ሸራ ገዛ፤ ሁለት ቀን ሙሉ እየተሳደበ ተሸከመው። ሁለተኛው ስሱን ላስቲክ ገዝቶ እያፏጨ ሄደ። የመጀመሪያው ነፋስ ላስቲኩን ገነጠለው፤ ሁለተኛውን ገዛ፤ ያንን ፀሐይ አድርቆ እንደ ቂጣ ሰባበረው፤ ሦስተኛውን ገዛ። ሰሊጡ ታጭዶ ሂላው፣ ማለት የነዶው ክምር፣ ሲቆም ለላስቲክ ያወጣው ገንዘብ ከሸራው ዋጋ በልጦ ነበር፤ መዝገቡ እኔው ጋ ነው፤ ባሳየውም «የኔው ይረክሳል» ከማለት አልተመለሰም። አንድ በአንድ ሲታይ እውነቱን ነው።

ሦስተኛው ምንም አልገዛም። ሲመሽ ብቅ ይልና «ጠጋ በሉልኝ እስቲ» ብሎ ሸራው ሥር መሀል ላይ ይተኛል። ድንኳን ሰባሪ ሠርግ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በዋጋም፣ በክብደትም፣ በጥንካሬም ቢመዘን ከሦስቱ የተሻለውን የመረጠው እሱ ነው።

ታዲያ ሦስቱም የተዘጋጁት ለዝናብ ነው። ዋልካው ግን ሌላ ነዋሪ አለው። ዝናቡ አልፎ መሬቱ ሲሰነጣጠቅ፣ በስንጥቁ ውስጥ የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ሲመሽ ትወጣለች። ከትንኝ በብዙ ታንሳለች፤ ድምፅ የላትም፤ ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስይዘው እሷ ናት። ተራ የትንኝ አጎበር መድኃኒት ካልተነከረ በቀዳዳው ሾልካ ትገባለች፤ ቀዳዳው ከጠበበ ደግሞ በዚያ ሙቀት ሰውየው ራሱ ገፎ ይጥለዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 በገዳሪፍ 155 መንደሮች 357,000 የተነከሩ አጎበሮች አድለው ነበር፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው በበሽታው ከመያዝ እንደዳነ ተገምቷል። አጎበር ቀላል ነው፤ ታጥፎ ኪስ ይገባል፤ ሲታደል ደግሞ ነፃ ነው። ሰው ግን ፀሐይ ላይ አንሥቶ ሲመረምረው አላየሁም። የጭድ መሸከሚያ ሆኖ አይቼዋለሁ። የዶሮ ቤት በር ሆኖም አይቼዋለሁ።

ይህንኑ ለአክስቴ ልጅ ነገርሁት። መስመሩ ላይ ትንሽ ዝም አለና፣ ድንኳኗ በጣም ደቃቅ ወንፊት የሆነ የውስጥ መረብ እንደነበራት ነገረኝ።

«ነበራት?»

«ሁለት መቶ ግራም ትበልጥ ነበር። ያለ መረብ የሚሸጠውን አዘዝሁ።»

ተናድጄ የአፌን ተናገርሁ። እሱም ቻለኝ፤ ስጨርስ ቀስ ብሎ፣ «አንተስ ዶካ በምን ነበር የምታድረው?» አለኝ።

በላስቲክ። ግን ደህናውን ነበር የገዛሁት፤ ፀሐይ ላይ አንሥቼ አይቼዋለሁ።