ስለ ጥናት የቀረበ ጥናት

እንግሊዞች አንድን ነገር በሰው ፊት ከማቅረባቸው በፊት ለብቻቸው ደጋግመው ሲሠሩት «ሪሃርሳል» ይሉታል። ቃሉን የወሰዱት ከድሮ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ሥሩ የታረሰን መሬት ጓል በጥርሳም መሣሪያ እንደገና መከስከስ ማለት ነበር። ከዚሁ መሣሪያ ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ የሬሳ መኪና ስም ተወልዷል። ስለዚህ ልምምድ በእናቱ ከእርሻ፣ በአባቱ ከቀብር ይዛመዳል። መድረክ ላይ ወጥቶ ቃሉ የጠፋበት ሰው ይህን ለማመን መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

አማርኛ «ልምምድ» የሚል ቃል አለው። ተዋናዩና መዘምሩ ግን «ጥናት አለብኝ» ነው የሚሉት። ለፈተና የሚያነበው ተማሪም ጥናት ላይ ነው፤ ምሁሩ ዓመታት ፈጅቶ የሚያሳትመውም ጥናት ነው። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ስለ ጥናት የተደረገ ጥናት ሲሆን፣ አቅራቢው ከማቅረቡ በፊት አጥንቶታል።

ጥናቱ የተካሄደው ካርቱም ውስጥ፣ ሐበሻ ይበዛባቸው በነበሩት በዴምና በጀሪፍ ሰፈሮች ነው። ሱዳኖች ለዚሁ ነገር «ብሩፋ» ይላሉ፤ ዓረብኛ ከጣልያንኛ የተዋሰው ቃል ነው። ብሩፋ ግን የሙዚቀኞች ነው። የሐበሻው ጥናት ከእንቅልፍ እስከ እንቅልፍ ነው። ካርቱም ሳያጠና የገባ ኢትዮጵያዊ አባይ ብቻ ነው፤ እሱ ከጣና ወደ 1,450 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከነጭ አባይ ጋር ሲቀላቀል «ኢቃማህን (የመኖሪያ ፈቃድህን) አሳይ» ያለው የለም።

የካርቱም ጥናት በአራት ይከፈላል።

አንደኛው የራክሻ ጥናት ነው። ባለ ሦስት እግሯን ራክሻ ከመጥራት በፊት «ጋሊ!» ማለትን፣ ማለትም «ውድ ነው» ብሎ መደንገጥን፣ ቤት ውስጥ መለማመድ ነው። ሱዳን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ገንዘቧን ስትቀይር አንዱ አዲስ ፓውንድ ከ1,000 አሮጌ ፓውንድ ጋር እኩል ሆነ፤ የሰው አፍ ግን አልተቀየረም። በዚህ ምክንያት ባለ ራክሻው «አስር ሺህ» ሲል አስር ማለቱ ነበር። ይህን ያልሰማ አዲስ ገቢ ሐበሻ «ጋሊ!» የሚለው ከአንጀቱ ነው። አለማወቅ ከጥናት የሚበልጥበት ብቸኛው ዘርፍ ይህ ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለተኛው የኢንተርቪው ጥናት ነው። «ፕሮሰስ» ላይ ያሉ ባልና ሚስት ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ የሚጠየቁትን ጥያቄ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። እዚህ ላይ አሥር ዓመት በትዳር የኖሩት ናቸው የሚወድቁት። «ሚስትህ መቼ ተወለደች?» ሲባል ባል «በሚካኤል» ይላል። «የትኛው ወር ሚካኤል?» ሲባል ሚስቱን ያያል። ሚስቱ ጣሪያ ታያለች። እውነት ከምንም በላይ ጥናት እንደሚፈልግ ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛው የመዝሙር ጥናት ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛው የእማዬ ስልክ ጥናት ነው። ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ድርሰቱ በሙሉ አምስት ቃል ነው፦ «ደህና ነኝ እማዬ፤ ምንም አልሆንኩም።» አቀራረቡ ግን ደረጃዎች አሉት።

ሀ. የጉሮሮ ደረጃ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ጉሮሮ «ደህና» የምትለዋ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቃሉ መጀመሪያ ለክፍል ጓደኛ ይባላል፤ ጓደኛውም እናት ሆኖ ይሰማል። እኛ ክፍል ውስጥ ይህን ሥራ የያዘው ከደሴ የመጣ ጺማም መካኒክ ነበር። ዘይት የጠጣ ቱታውን እንደለበሰ ጋቢ ደርቦ «ምነው ድምፅህ?» ሲል፣ ገና ስልክ ያልደወለው ሁሉ ያለቅስ ነበር። ብዙዎቻችን እውነተኛዋን እናት ከእሱ ቀላል ሆና አግኝተናታል።

ለ. የግድግዳ ደረጃ። በምስል የሚያነጋግረው ኢሞ ከመጣ ወዲህ ድምፅ ብቻውን አልበቃም። ስድስት ሰው የሚያድርበት ክፍል ውስጥ ለእናት ዓይን የሚሆን አንድ ሜትር ግድግዳ ይመረጣል፤ አበባ ያለበት መጋረጃ ይሰቀልበታል፤ የቀሩት አምስቱ በካሜራው ሥር እየዳሁ ያልፋሉ። ጎንደር ውስጥ ሁለት ጎረቤት እናቶች የልጆቻቸው ቤት መጋረጃ አንድ ዓይነት መሆኑን ቡና ላይ አስተውለዋል። የደረሱበት ድምዳሜ «ካርቱም ፋሽኑ ነው» የሚል ነበር። አጥኚው አላረመም።

ሐ. የ«ከስተሃል» ደረጃ። ይህ ጥያቄ አይቀርም፤ ሰውየው ቢወፍርም ይመጣል። የተጠናው መልስ «ጾም ነው» የሚል ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለስደተኛ ልጆቿ ያደረገችው ውለታ እዚህ ላይ ይታያል፤ የአብይ ጾም፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ፣ የነቢያት፣ በየሳምንቱም ረቡዕና አርብ። በጾሞቹ መሐል የሚቀረው ክፍተት «ሙቀት ነው» በሚል ይደፈናል። ካርቱም በሞቃት ወራቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ይህ ውሸት አይባልም።

መ. የ«መቼ ትመጣለህ» ደረጃ። መልሱ «ለፋሲካ» ነው። የየትኛው ዓመት ፋሲካ እንደሆነ አለመናገር የጥበቡ ቁንጮ ነው።

ሠ. ወደዚህ ደረጃ ስገባ አንድ ነገር ክፍፍሉን አበላሸብኝ። አንድ ቀን ስደውል ስልኩን እህቴ አነሳችውና ለእናቴ ልታቀብላት ሄደች። እናቴ መስመሩ መከፈቱን አላወቀችም። «ወገቤን እንዳትነግሪው» አለቻት፤ ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብላ ሁለቴ ሞከረችውና ስልኩን ተቀበለች። «ደህና ነኝ ልጄ፤ ምንም አልሆንኩም» አለችኝ። ያው አምስት ቃል ነው። ማን ከማን እንደተማረ መመደቢያ ስላጣሁ ፊደል ቆጠራውን እዚህ ትቼዋለሁ።

የመዝሙር ጥናቱ ይቀራል። ካርቱም የእረፍት ቀኑ አርብ ስለሆነ መዘምራን ጾሙን ሙሉ አርብ አርብ ሲያጠኑ ከረሙ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ሹር ነበር፤ ሱዳኖችም ረመዳናቸውን ሊጨርሱ ቀናት ቀርቷቸው ነበር። ማታ ለትንሣኤ የሚቀርበው ሁሉ ተጠንቶ አልቋል። ጠዋት የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ታጣቂ ኃይል ከተማው ውስጥ እርስ በርስ ተኩስ ከፈቱ። ለዚህኛው ያጠና ሐበሻ አልነበረም። ያን ቀን ስልክ ስደውል «ደህና» የምትለዋ ላይ ተሰነጠቅሁ፤ መካኒኩም እናት ሊሆንልኝ አልቻለም፤ ከአልጋ ሥር የራሱን እናት እያናገረ ነበር።

ከዚያ ብዙዎቻችን በመተማ በኩል ገባን። ጎንደር ስደርስ ፋሲካ አልፏል፤ በዓለ ሃምሳው ግን ስላላለቀ ቃሌን ጠብቄያለሁ ብዬ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ከስተሃል» አለች።

ጾም ነው እንዳልላት በዓለ ሃምሳ አይጾምም። ሙቀት ነው አልኳት።