ውሉ ላይ የሌለን ሰዎች

እሁድ ከሰዓት ልጅ ይዞ የት ይወጣል? አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ጥያቄ ያላስጨነቀው ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ድሮ የሰፈር ሜዳ ነበር። ሜዳው ላይ ፎቅ ተሠራበት፤ ፎቅ ያልተሠራበት ታጠረ። ከታጠረው ውስጥ አንዳንዱ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ ተባለና ስንሄድ በሩ ላይ ትኬት አለ፣ ፍተሻ አለ፣ ከፍተሻው ቀጥሎ ቋጠሮ የሚያስፈታ ጥበቃ አለ።

ይሄ የቋጠሮ ነገር ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። እናት ከቤቷ ዳቦ ቆርሳ፣ ሻይ በፔርሙዝ ሞልታ፣ ልጆቿን አስከትላ ትመጣለች። «ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት አይቻልም» ትባላለች። ለምን? ውስጥ ካፌ አለ፤ ካፌው ቦታውን የተከራየው ከውጭ ምግብ እንደማይገባ ተነግሮት ነው። ጥበቃው ክፉ ሰው አይደለም። «እናቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» ይላትና ፔርሙዙን ወንበሩ ሥር ያስቀምጥላታል። እሷም ትገባለች፤ ልጇ ጠማኝ ሲላት የታሸገ ውሃ በሰፈር ሱቅ ዋጋ እጥፍ ትገዛለች። ሽርሽር ወጥታ ተቆጥታ ትመለሳለች።

ሣሩስ? ሣሩ ለማየት ብቻ ነው። ሕፃን ጫማውን አውልቆ ሁለት እርምጃ ሲራመድበት ፊሽካ ይነፋል። ኳስ ይዞ መግባትማ አይታሰብም። ቅዳሜ ሙሽሮች ሲመጡ የግቢው ግማሽ በገመድ ይከለልና ትኬት የቆረጠው ሰው ዳር ዳሩን ይዞራል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው የሕዝብ በሚባል መሬት ላይ ነው።

መንግሥት ከባለሀብት ጋር ተጋግዞ መናፈሻ ማልማቱን አልቃወምም። የከተማው ካዝና ለውሃና ለመንገድም አልበቃ ብሏል። ግንቦት 2011 ላይ በ«ገበታ ለሸገር» ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር ተከፍሎ እራት ሲበላ፣ ገንዘቡ 29 ቢሊዮን ብር ይፈጃል ለተባለው የወንዝ ዳርቻ ልማት ነው ሲባል፣ እሰይ ካሉት አንዱ ነበርኩ። ጳጉሜን 2012 ላይ የወዳጅነት ፓርክ በቻይና መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ ተከፈተ፤ ወር ያህል ቆይቶ እንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። ያምራሉ። ከተማው እንዲህ ያለ ነገር ያስፈልገው ነበር።

ነገር ግን ለማሠሪያ ገንዘብ አይጠፋም፤ ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ ስፖንሰር አያጣም። የሚጠፋው ለመጠበቂያው ነው። ጥር ላይ ውሃ የሚያጠጣ፣ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር የሚቀይር፣ ሽንት ቤት የሚያጥብ ሰው ደመወዝ ከየት ይምጣ ሲባል ሁሉም ዝም ይላል።

የመንገድ አካፋዮቹንና አደባባዮቹን እዩ። አንድ ድርጅት አለማዋለሁ ብሎ ይረከባል። መጀመሪያ የሚተከለው ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ነው። ክረምት ላይ ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ይመጣሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ኅዳር ገብቶ መሬቱ ሲሰነጠቅ ግን የሚመጣ የለም። የእኛ ሰፈር መታጠፊያ ላይ ካለችው ቁራሽ መሬት የቀረው ሰሌዳው፣ አጥሩና የደረቁ ጽዶች ናቸው። አጥሩ በየጊዜው ቀለም ይቀባል፤ የድርጅቱ መለያ ቀለም ነውና። ለዚያ ቀለም የወጣው ገንዘብ ለአንድ አትክልተኛ ቢከፈል ጽዶቹ ይተርፉ ነበር።

በዚህ ላይ የሚጠየቅ ሰው የለም። ባለፈው ሰሞን ከጎረቤቴ ጋር አንድ መናፈሻ ገባን። ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መጸዳጃ ቤቱ ተቆልፏል፤ ከጎኑ ያለው ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው በመንገዱ ላይ ይወርዳል።

«ልጄ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» አሉት ጥበቃውን።

«እማማ፣ ድርጅቱ ነው የያዘው። እኛ የወረዳ ነን።»

ካፌው ጋ ስንሄድ «እኛ ተከራይ ነን፣ ወረዳውን ጠይቁ» አሉን። በማግስቱ ወረዳ ሄድኩ። «ለድርጅቱ አስተላልፈነዋል፣ የሚመለከተው እነሱን ነው።» እሺ፣ ውሉን ማየት ይቻላል? ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

አገሪቱ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ካወጣች ቆይታለች፤ ቁጥሩም 1076/2010 ነው። ስለ አጋርነት ሲወራ የሚነሳው ግን የፀሐይ ኃይልና የፍጥነት መንገድ ነው። ነገሩ የሰፈር መናፈሻ ላይ ሲደርስ ማን ምን እንደፈረመ፣ ለስንት ዓመት እንደፈረመ፣ ነዋሪው በነፃ የሚገባበት ቀን ይኑር አይኑር የሚነግረን የለም። መንግሥት መሬቱን ይሰጣል፣ ድርጅቱ ገንዘቡን ያወጣል፣ ሁለቱ ይጨባበጣሉ። ቦታው የኛ ነው የተባልነው ሰዎች ውሉ ላይ የለንም።

ይሄ ስህተት በትልልቆቹ ፓርኮችም ታይቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ነጭ ሳርና ኦሞ ብሔራዊ ፓርኮች አፍሪካን ፓርክስ ለተባለ ድርጅት ተሰጥተው ነበር። ነጭ ሳር ውስጥ ከብት የሚያሰማሩት የጉጂዎች ጉዳይ ሳይፈታ ነው ሥራው የተጀመረው። ድርጅቱ የሰፈራው ችግር መፍትሔ ስላላገኘ መቀጠል አልቻልኩም ብሎ በ2000 ዓ.ም. ሁለቱንም ለቆ ወጣ።

ከፈለጉ ግን ይቻላል። ኒውዮርክ ውስጥ ብራያንት ፓርክ የሚባል ቦታ አለ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበር። በ1980 የተቋቋመ የግል ማኅበር ከከተማው ተረክቦ አደሰውና በ1992 ተከፈተ። ሲገቡ ትኬት የለም። ሣሩ ላይ ይተኛሉ። ወንበሮቹ መሬት ላይ አልተሰኩም፤ ጥላ ወዳለበት እየጎተቱ ይቀመጡባቸዋል። መጸዳጃ ቤቱ በነፃ ነው፣ አበባ ይቀመጥበታል። ወጪውን የሚሸፍኑት ምግብ ቤቶቹና ሱቆቹ የሚከፍሉት ኪራይ፣ ዝግጅቶችና በዙሪያው ያሉ ሕንፃዎች የሚያዋጡት ገንዘብ ነው። ኪራዩ መልሶ ግቢውን ያጥባል። የእኛ ካፌም ኪራይ ይከፍላል፤ ያ ገንዘብ ቧንቧውን ለምን አይጠግንም?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ውሉ በአማርኛ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። አረጋውያንና ሕፃናት በነፃ ይግቡ፣ እናትም ፔርሙዟን ይዛ ትግባ። ሣሩን ማን እንደሚያጠጣ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ማን እንደያዘ ይጻፍ። ቧንቧ ሲፈነዳ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ይኑር፤ ስልኩን የሚያነሳ ሰውም ይኑር።